ቺፐሩ ለምን ይታነቃል? የትንሽ ቅርንጫፍ መክተፊያ ማሽን ችግርና መፍትሄ

የጽድ አጥር መከርከም የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ክምሩን ከግቢ ማውጣት ግን ቀኑን ይፈጃል። ቺፐር የሚባለውን ትንሽ የቅርንጫፍ መክተፊያ ሰው የሚገዛው ለዚህ ነው። ብዙም ሳይቆይ «ተበላሸ» ይላል። እኔ ካየኋቸው ውስጥ አብዛኞቹ የተበላሹ አልነበሩም፤ ለሥራው የማይሆኑ ነበሩ። ስለዚህ ማሽኑ ያለው ለጥገና፣ ገና የሚገዛ ደግሞ ለምርጫ ያንብበው።

ምንም ከመንካትዎ በፊት ሞተሩን ያጥፉ፣ የካንዴላውን (በእሳት ብልጭታ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ገመድ ይንቀሉ፣ ምላጩን የያዘው ዲስክ እስኪቆም ይጠብቁ። ከባድ ስለሆነ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መዞሩን ይቀጥላል።

ምልክት፦ በቁራጭ ፈንታ ክር ወይም ዱቄት ይወጣል

ምላጩ ደንዝዟል። አፈር የነካው ቅርንጫፍ፣ በተለይ ከነሥሩ የተነቀለ ቁጥቋጦ፣ በአንድ ከሰዓት ምላጭ ይጨርሳል። ብዙ ማሽኖች ላይ ምላጩ በሁለት ጎኑ ስለት አለው፤ መገልበጥ ይበቃል። ሲያስሉት የቀድሞው ማዕዘን እንዳይለወጥ፣ ብረቱም ሰማያዊ እስኪሆን እንዳይግል ይጠንቀቁ። ሁለት ምላጭ ካለው እኩል ይሳሉ፤ አንዱ ከቀለለ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ዲስኩ የሚዞርበት ኩሽኔታም ያልቃል። ተስሎም ክር ካወጣ፣ በምላጩና ፊት ለፊቱ ባለው ቋሚ ብረት መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማሽኑን መመሪያ ይከተሉ።

ምልክት፦ ወፍራም ሲገባበት ይደክማል

ጆሮዎን ይስጡት። የሞተሩ ድምፅ ሳይወርድ ዲስኩ ብቻ ከዘገየና ጎማ ጎማ ከሸተተ፣ ዲስኩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ላልቷል ወይም አልቋል። ድምፁም አብሮ ከወረደ ጉልበት አንሶታል።

እዚህ ላይ ሻጭ የማይነግርዎ ነገር አለ። ተራ የቤንዚን ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች «7 የፈረስ ጉልበት» የተባለው እዚህ 5 ቢሆን ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን ይበዛበታል፦ ጥቁር ጭስ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ። የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ፤ ካልተሻለው መካኒክ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበ ይቀይርለታል። ጭሱ ይጠፋል፣ ሞተሩም ይነቃል፤ ግን 7 አይሆንም።

ሲገዙም ስለ ቅርንጫፍ ውፍረት «75 ሚሊ ሜትር ይበላል» የሚለውን ጽሑፍ እንዳለ አይውሰዱት። ቀጥ ያለ፣ እርጥብና ለስላሳ እንጨት አልፎ አልፎ ሲገባ ማለት ነው። ለዘወትር ሥራ 50 ቢያስቡ አይቆጩም። የደረቀ ባሕር ዛፍና ወይራ ከዚያም ይብሳል፤ በተቆረጠበት ቀን ይክተፉት።

ምልክት፦ ይታነቃል

የአጥር ሠራተኛ ዋና ራስ ምታት ይህ ነው። የጽድ ቅርንጫፍ ቀጭን ቢሆንም ወደ ጎን የተንሰራፋ ነው፤ ጉሮሮው ጠባብ የሆነ ማሽን ባንዴ አይቀበለውም። ሰው በመቀስ ሲበጣጥስለት ይውላል፤ ታዲያ ማሽኑ ምን ሠራ? ለአጥር የሚገዛ ከውፍረቱ ቁጥር ይልቅ የመግቢያውን ስፋት ራሱ ይለካ።

እርጥብ ቅጠል ብቻውን ሲገባ መውጫው ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ጠንካራ ቅርንጫፍ እየቀላቀሉ ይስጡት፣ ዝናብ ከመታው አንድ ቀን ይጠውልግ። የባሕር ዛፍ ልጥ ዲስኩ ላይ ይጠመጠማል፤ የተላጠውን ለይተው ያስቀምጡ። የታነቀውን በእንጨት እንጂ በእጅ አይግፉ። ነጠላ፣ ሻሽና ሰፊ እጅጌም ከማሽኑ ይራቁ።

ምልክት፦ የኤሌክትሪኩ ይሞቃል፣ ይጠፋል

2,500 ዋት ማሽን በ220 ቮልት 11 አምፒር ያህል ይስባል። ቀጭን ማራዘሚያ ይህን አይችልም፤ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይጠቀሙ፣ ከጥቅልሉም ሙሉ በሙሉ ይፍቱት። የኤሌክትሪክ ማሽን ለአንድ ግቢ አጥር ይበቃል፤ ዛፍ ለሚቆርጥ ግን አልመክረውም።

የቅንጭብ አጥር ግን የትኛውም ማሽን ውስጥ አይግባ። ነጩ ወተት ዓይን ክፉኛ ያቃጥላል፣ መክተፊያው ደግሞ በየአቅጣጫው ይረጨዋል። ጓንትና መነጽር አድርገው በገጀራ ይቁረጡት፤ ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠቡና ወደ ሐኪም ይሂዱ።