ቤልጅግ ሲከሽፍ

ቤልጅግ የምንለው የቤልጅየም ሥሪት የማውዘር ጠመንጃ ሲከሽፍ ምልክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ምላጩ ሲሳብ «ቀጭ» ይላል፣ ጥይቱ ይከሽፋል። በጠዋት ብርድ ይብሳል፣ ቀትር ላይ አልፎ አልፎ ይተኩሳል። ባለቤቱ «መርፌውን የሚገፋው ሞላ ደክሟል» ብሎ ለጥገና ያመጣልኛል። ብዙውን ጊዜ ሞላው ደህና ነው።

የከሸፈውን ጥይት አንሡና ከቀለሃው መቀመጫ መሃል ያለችውን፣ መርፌው ሲመታት ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ክብ ተመልከቱ። የመርፌው ምት ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ ለይታችሁ አስቀምጡት፣ ደግማችሁ አታጉርሱት። ምቱ ጥፍር የነካው ያህል ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከመዝጊያው፣ መርፌውንና ሞላውን ከያዘው ተንሸራታች ብረት ውስጥ ነው። ጥፋተኛውም ኑግ ነው።

አዎ፣ የኑግ ዘይት። ጎጃም ውስጥ ኑግ ከጓዳ አይጠፋምና አባቶቻችን ጠመንጃውንም እሱን ቀቡት፤ ሲያጡ ቅቤ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ እየደረቀ ሙጫ ይሆናል። ጠመንጃው ከምድጃው አጠገብ ከተሰቀለ ደግሞ ጥላሸት ይጨመርበታል። መርፌው በዚያ ሙጫ ውስጥ እየተጎተተ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል።

ከደጀን በኩል የመጣ አንድ ቤልጅግ ሦስት ሰዎች ነካክተውት ነበር። አንዱ ሞላውን ጎትቶ አስረዝሞታል። ሌላው ከብስክሌት መቀመጫ የተቆረጠ ሞላ ደርቦበታል። ሦስተኛው የመርፌውን ጫፍ በሞረድ አሹሎታል። የሾለ መርፌ ክቧን ይበሳል፣ የሚነድ ጋዝም ወደ ተኳሹ ዓይን ይመለሳል! ከሦስቱ አንዱ እንኳ መዝጊያውን አላጠበም። በእንጨት ስፈቀፍቀው እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ነገር ወጣ።

መፍትሄው ይህ ነው። መዝጊያው እንደተወጠረ የጥንቃቄ ቁልፉን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና መዝጊያውን አውጡ። በስተግራ ያለችውን ትንሽ መያዣ ተጭናችሁ የኋላውን ክፍል በመጠምዘዝ ፍቱ። የመርፌውን ጫፍ ጠንካራ እንጨት ላይ አስደግፋችሁ ወደ ታች ተጫኑ፤ የኋላውን ጉብ ሩብ ዙር ስታዞሩት ይለቃል። ሞላው ኃይለኛ ነው፣ ፊታችሁን አርቁ። ሁሉንም ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳድሩ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፣ የመዝጊያውን ውስጥ ጨርቅ በጠቀለለ እንጨት ጥረጉ። ሲደርቅ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ብቻ ቀቡና መልሳችሁ በጨርቅ አንሡት። ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት፤ ቁጥሩንና ማኅተሙን ይበላዋል።

ጥይት ሲከሽፍ መዝጊያውን ወዲያው አትክፈቱ። አሮጌ ጥይት ዘግይቶ ይነሣል። አንድ ለቅሶ ላይ የከሸፈበት ሰው ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ሊያየው ሲል ጥይቱ ተነሥቶ በሁለት እግሮቹ መካከል መሬቱን መታው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅንታችሁ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ወደ ሰማይ መተኮስም ይቅር፤ የወጣው እርሳስ መውረዱ አይቀርም።

ሌሎቹ ችግሮች ጥቂት ናቸው። ጫፉ የተሰበረ መርፌ ይቀየራል። አንገቱ የተሰነጠቀ ሰደፍ እስኪጠገን አይተኮስበትም። ውጅግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ የ1874 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትሩ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ስለሆነ የዘመኑን ባሩድ አትሙሉበት። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሌለውን ጠመንጃ ግን ማንም ያምጣው አልነካም።

ከተኮሳችሁ በኋላ በዚያው ቀን የአፈሙዙን ቧንቧ ውስጡን በፈላ ውሃ እጠቡ። የአሮጌ ጥይት ቅሪት ጨው ነው፤ የክረምት እርጥበት ስቦ ብረቱን በአንድ ሌሊት ያዝገዋል፣ ዘይትም ብቻውን አያስለቅቀውም። ውሃው ንጹሕ ሆኖ እስኪወርድ አፍስሱ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት።