ያለ ዝነኛው የዝነኛ ሰው «ድብቅ» ፎቶ ማንሳት

ልዕልት ዳያናና ፍቅረኛዋ ዶዲ ፋየድ በፈረንጆቹ 1997 ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ እንግሊዛዊቷ ፎቶ አንሺ አሊሰን ጃክሰን ሁለቱ ሕፃን ይዘው የተነሱት የሚመስል ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጣች። የተነሱት መልካቸው ከእነሱ ጋር የሚመሳሰል ሌሎች ሰዎች ነበሩ። እኔ የምተዳደረው በሰርግ ፎቶ ነው፤ ይህንን ዓይነት ሥራ ግን ለነፍሴ እሠራዋለሁ።

ሰው ስትመርጡ ከፊት አትጀምሩ። ፊትን ዊግና ሜካፕ ያግዙታል፣ ትከሻንና አካሄድን ግን ማንም አያበጀውም። ጆሮ ደግሞ ያጋልጣል፤ በፀጉር ሸፍኑት። ንግሥት ኤልሳቤጥን ለመሥራት ነጭ የተጠቀለለ ፀጉር፣ የዕንቁ ሐብልና ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ቦርሳ ይበቃል። ኮቱን ከሳልቫጅ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ ሁሉም የሚጠረጥረውን፣ ማንም ግን ያላየውን ነገር አስቡ። ጃክሰን ንግሥቲቱን ሽንት ቤት አስቀምጣታለች። ያሳቀን የንግሥቲቱ መቀመጥ ሳይሆን የእኛ አጮልቆ የማየት ጉጉት ነው። ለማዋረድ ብቻ የታሰበ ፎቶ አንዴ ታይቶ ይረሳል።

አሁን ዋናው ሥራ፦ ፎቶውን አበላሹት። በሰርግ የለመድነው ንጹሕ መብራት እዚህ ጠላት ነው፤ ፊቱ በደንብ ከታየ ተመልካቹ አፍንጫውን ማመሳከር ይጀምራል። ፍላሹን አጥፉ። ሩቁን የሚያቀርብ 200 ሚሊሜትር ሌንስ ይዛችሁ ራቁ፣ በመጋረጃ ወይም በበር ስንጥቅ በኩል አንሱ፤ የበሩ ጠርዝ የፎቶውን ሲሶ ቢበላውም ግድ የለም። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ወይም ከዚያ በላይ፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ፤ እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ ደስ ይበላችሁ። የጎደለውን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። መሳዩን «ተውን» አትበሉት፣ ሥራ ስጡት፦ ቦርሳው ውስጥ ቁልፍ ይፈልግ፣ የተቋጠረ የጫማ ክር ይፍታ።

(ዝነኛው ራሱ ፊታችሁ ከተቀመጠ መሣሪያችሁ ብርሃን ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አርኖልድ ኒውማን በ1963 የናዚ ዘመን ባለ ፋብሪካውን አልፍሪድ ክሩፕን ከግራና ከቀኝ አብርቶበት፣ ወደ ፊት ጎንበስ አስብሎ ሰይጣን አስመስሎታል። እኔ ግን ለዚህ ድፍረቱ የለኝም።)

ስታወጡት «በፎቶው ላይ ያለው ሌላ ሰው ነው» የሚለውን ከሥሩ ሳይሆን ፎቶው ላይ ጻፉ፤ የግርጌ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ ይቆረጣል። ከመሳዩ ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ፣ ክፈሉት፣ ከማውጣታችሁ በፊትም አሳዩት። ታክሲ ውስጥ ጣት የሚቀሰርበት እሱ ነው።