ክሩዝ መርከብ ላይ ሰው ሳናስቀይም እንዴት እንዝናና?

ሆቴል ውስጥ ጎረቤት ካስቸገረን ክፍል ቀይሩልን እንላለን፣ ካልሆነ ሻንጣችንን ይዘን ውልቅ ነው። ባህር ላይ ግን የት ይኬዳል? ከማያሚ የሚነሳው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የሚባለው ክሩዝ (የመዝናኛ ጉዞ) መርከብ ሲሞላ ከ7 ሺህ በላይ መንገደኛ ይይዛል፣ ሰራተኛው ሳይቆጠር። ይሄ ሁሉ ሰው ሊፍቱንም ባፌውንም ገንዳውንም ተጋርቶ ነው ሳምንት የሚከርመው፣ ስለዚህ ከቤት ጀምሮ በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. ሻንጣ ስታዘጋጁ ጀበናውን ተዉት። ማለቴ ጀበናው ራሱ ችግር የለውም፣ ግን ምድጃ፣ ከሰል፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ የልብስ ካውያ አብዛኛው ካምፓኒ አያስገባም፣ ፍተሻ ላይ ይወሰድባችኋል። መርከብ ላይ እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና አይመጣም እኮ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ቪጋን ምግብ እንደምትፈልጉ ቲኬት ስትቆርጡ ተናገሩ፣ እራት ላይ ተቀምጦ አስተናጋጁን ማስጨነቅ ጥሩ አይደለም።

2. የአደጋ ጊዜ ልምምዱን (መስተር ድሪል) አትዝለሉ። ሰባት አጭር አንድ ረጅም ጡሩምባ ሲነፋ የት እንደምትሄዱ የሚነገራችሁ እዚህ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባል መርከብ ጣሊያን ጠረፍ ላይ አለት ገጭታ 32 ሰው ሲሞት፣ የዛን ቀን የተሳፈሩ ብዙ መቶ ሰዎች ልምምዱን ገና አልወሰዱም ነበር። ከዛ በኋላ ነው ከመነሳት በፊት ወይም ልክ እንደተነሳ ይደረግ የሚል አለም አቀፍ ህግ የመጣው። አሁን በብዙ መርከብ ቪዲዮ አይቶ የተመደቡበት ቦታ ሄዶ መመዝገብ ብቻ ነው፣ እሱንም እየጎተቱ ስማቸው በስፒከር የሚጠራ አሉ።

3. ካቢን ውስጥ ድምፅ ቀንሱ። ግድግዳው ስስ ነው። በረንዳ ላይ ቆሞ ስልክ በስፒከር ማውራት፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰአት ኮሪደር ላይ መሳሳቅ፣ በር መጠርቀም፣ ሁሉም ይሰማል። ሲጋራ ከተፈቀደው ቦታ ውጪ በፍፁም! በ2006 እ.ኤ.አ. ስታር ፕሪንሰስ የሚባል መርከብ ላይ የተነሳው እሳት መነሻው በረንዳ ላይ የተጣለ ሲጋራ ሳይሆን አይቀርም ነው የተባለው።

4. ገንዳ ዳር ወንበር በፎጣ አትያዙ። በእኔ እይታ ክሩዝ ላይ እንደዚህ ሰው የሚያጣላ ነገር የለም። አንዱ በጠዋት ወርዶ ለአስር ዘመድ አስር ፎጣ ያነጥፍና ሁሉም ቁርስ ሊበላ ይሄዳል፣ ሌላው ፀሀይ ላይ ቆሞ ባዶ ወንበር ያያል። አንዳንድ መርከብ ላይ ሰራተኞቹ ግማሽ ሰአት ያህል ጠብቀው እቃውን ያነሱታል፣ ደግ አደረጉ። ለመቆየት ካላሰባችሁ ልቀቁት በቃ።

5. ባፌ ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁን በውሃና ሳሙና ታጠቡ። ኖሮቫይረስ የሚባለው ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ነገር መርከብ ላይ ቶሎ ነው የሚዛመተው፣ ሳኒታይዘር ደግሞ ብዙም አይበግረውም። ጉርሻው ለራሳችሁ ጠረጴዛ ይሁን፣ ከትሪው ግን በማንሻው ብቻ አንሱ፣ ለድጋሚም አዲስ ሳህን። ካመማችሁ ለክሊኒኩ ተናግራችሁ ካቢን ቆዩ፣ ገንዘቤን ከፍያለሁ ብሎ እያስመለሱ ሰው መሀል መዞር ነውር ነው።

6. ሰራተኞቹን አክብሩ። አስተናጋጅ በጭብጨባ መጥራት እዛ አይሰራም፣ ደረታቸው ላይ ስማቸው ተፅፏል፣ በስማቸው ጥሯቸው። ብዙዎቹ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከህንድ የመጡ ናቸው፣ ልጆቻቸውን ትተው ለወራት ይሰራሉ። የአሜሪካ ካምፓኒዎች አብዛኞቹ ቲፕ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ሂሳቡ ላይ ይደምራሉ፣ መጨረሻ ቀን ላይ ሪሴፕሽን ሄዶ አንሱልኝ ማለት ይቻላል ግን ሳምንቱን ሙሉ አልጋችሁን ያነጠፈው ሰው ነው የሚጎዳው። ከጅምሩ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።

7. ወደብ ላይ ስትወርዱ በመርከቡ ሰአት ሂዱ፣ ስልካችሁ የአገሩን ሰአት ሊያሳያችሁ ይችላል። የቡድን ጉብኝት ከሆነ አንድ ሰው ሲያረፍድ ባሱ ሙሉ ይቆማል፣ ለብቻችሁ ከወጣችሁ ደግሞ መርከቡ ጥሏችሁ ይሄዳል።

8. የመጨረሻው ምሽት ላይ ሰራተኞቹ እንዲያወርዱላችሁ ትልቁን ሻንጣ በር ላይ አውጡ፣ መድሀኒት፣ ፓስፖርትና የነገ ልብስ ግን እጃችሁ ላይ ይቅር። ጠዋት ካቢኑን በተባለው ሰአት ልቀቁ፣ ተራችሁ እስኪጠራ ደረጃው ላይ ሻንጣ ዘርግታችሁ አትቀመጡ፣ ከሰአት የሚገቡ ሌሎች ሰዎች ስላሉ ክፍሉ እስከዛ መፅዳት አለበት።