ዲናሞ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

የባትሪው ቀይ መብራት ዳሽቦርድ ላይ ሲበራ ብዙ ሰው መጀመሪያ ባትሪ ይቀይራል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ይገዛል። በመጨረሻ ጥፋቱ የላላ ቺንጋ (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ወይም የዛገ ገመድ ሆኖ ይገኛል። ይህን ወጪ የሚያስቀረው አንድ ርካሽ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው። ዝርዝሩ ዋን ኤንዜድ (1NZ) የተባለው ሞተር ላላቸው የቶዮታ ኮሮላ፣ ቪትዝና ያሪስ ቢሆንም አለካኩ ለአብዛኛው ባለ 12 ቮልት መኪና ይሠራል።

መኪናው ካደረ በኋላ ሞተሩን ሳያስነሱ ባትሪው ላይ ይለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ባትሪ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው። ከዚያ ሞተሩን ያስነሱና ነዳጅ ትንሽ እየሰጡ ይለኩ፦ ከ13.2 እስከ 14.8 ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። ትልቁን መብራትና የአየር ማቀዝቀዣውን አብርተውም ከ13.2 መውረድ የለበትም። 12 ነጥብ ምናምን ላይ ቆሞ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ አይሞላም። ከ15 በላይ ከወጣ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ እንዲህ ሆኖ መንዳት ባትሪውን ያፈላል። መልቲሜትሩን ወደ ኤሲ (ተለዋዋጭ) ቮልት አዙረው ከ0.5 በላይ ካነበበ ደግሞ ዲናሞው ውስጥ ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ ሞቷል፤ መኪናው ባደረ ቁጥር ባትሪ የሚጨርሰው አንዳንዴ ይኸው ነው።

የማይሞላ ከሆነ ገና ዲናሞውን አይፍረዱበት። ሞተሩ እየሠራ ከዲናሞው ጀርባ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት «ቢ» ተርሚናል ላይ ይለኩ፤ እጅዎንና ገመዶቹን ከቺንጋው ያርቁ። እዚያ 14.2 ሆኖ ባትሪው ላይ 12.8 ከሆነ ችግሩ መሐል ላይ ነው፦ 120 አምፔር ፊውዙ፣ የገመዱ ራስ ወይም የባትሪው እግር። ቁልፍ ሲከፈት ቀይ መብራቱ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ሶኬቱንና ቀጭን ገመዶቹን ይዩ። ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚባለውን ፈተና ግን ይተዉት፤ በዚያች ቅጽበት ቮልቱ ዘሎ ሬጉሌተሩን፣ ሲብስም የመኪናውን ኮምፒውተር ያቃጥላል።

ዲናሞው ራሱ ከሆነ ጥፋተኛው፣ የኋላ ክዳኑን ከፍተው ካርቦኑን (ከሚዞረው ዘንግ ጋር እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን) ይለኩ። ከመያዣው ወጥቶ የሚታየው አዲስ ሲሆን 10.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1.5 ከደረሰ አልቋል። ካርቦን ብቻ መቀየር ሙሉ ዲናሞ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል፤ ብዙ ሰው ግን ይህን ሳያይ ይገዛል።

መግዛት ግድ ከሆነ አሮጌውን ፈትተው ይዘው ይሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ መርካቶ ሶማሌ ተራ ምርጫው ሰፊ ነው፤ በስልክ «የኮሮላ ዲናሞ» ብሎ ማዘዝ ግን ሁለቴ መመላለስ ነው። የቶዮታ ዲናሞ ቁጥር በ27060 ይጀምራል፤ ቀጥለው የሚመጡት አምስት ቁጥሮች ናቸው የሚለዩት። ቁጥሩ ከጠፋ የፑሌጃውን (ቺንጋው የሚያልፍበትን ጎማ) የመስመር ብዛትና ስፋት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት፣ የሶኬቱን ቅርጽና የእግሩን ብዛት ጎን ለጎን ያስተያዩ። አምፔሩ ከአሮጌው ማነስ የለበትም።

ከዚያ በእጅ ይፈትሹ። ሲያዞሩት ጠጠር የፈጨ የሚመስል ድምፅ ካለ ወይም ዘንጉ ወደ ጎን ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል። በአየር ማስገቢያው በኩል የመዳብ ሽቦውን ይዩ፦ ቡናማ ጥሩ ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ የሚሸት ይቅር። አዲስ ብርማ ቀለም የተቀባ ያገለገለ ዕቃ አያምጡ፤ ቀለሙ የሚሸፍነው ነገር አለ። መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርገው ቀዩን ገላው ላይ፣ ጥቁሩን «ቢ» ላይ ሲያደርጉ 0.8 አካባቢ ማንበብ አለበት፤ ሲገለብጡት ምንም አያንብብ። በሁለቱም በኩል ዜሮ ካነበበ ተቃጥሏል። ይህ ሁሉ ፍተሻ ግን ሙሉ ኃይሉን አያሳይም፤ ስለዚህ ካልሞላ የሚመልሱበትን ቀን ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ የዕቃውን ምንጭም አይነግርዎትም።

ሲገጥሙ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁጥር መፍቻ ይፍቱ፤ «ቢ» ተርሚናል ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ስላለበት መፍቻው ገላውን ከነካ እሳት ይረጫል። ሶኬቱንና ወፍራሙን ገመድ ያውጡ፣ የቺንጋውን ማስተካከያ በ12፣ ዋናውን ብሎን በ14 ያላሉ፣ ዲናሞውን ወደ ሞተሩ ገፍተው ቺንጋውን ያውርዱ። አዲሱ ማሰሪያው ውስጥ አልገባ ካለ የእግሩ ቡሽ (ብሎኑ የሚያልፍበት የብረት ቀለበት) ጠብቦ ነው፤ ቡሹን በመዶሻ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ መታ መታ ያድርጉት። በብረት ማንሻ ገላውን መፈንቀል አሉሚኒየሙን ይሰነጥቃል።

ቺንጋው ረጅሙ ክፍል ላይ በአውራ ጣት ጠበቅ ሲደረግ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ይህ ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ስለሚያዞር መላላቱ ሞተሩን ያሞቃል፤ ከልክ በላይ መወጠሩ ደግሞ የዲናሞውንና የፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል። የ«ቢ» ዳዶ ሲጠብቅ 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ብቻ ይበቃዋል፤ መሸፈኛ ላስቲኩን መልሰው ያልብሱት። ኔጌቲቩን መጨረሻ ላይ አስረው ሞተሩን ያስነሱ፣ ባትሪው ላይ እንደገና ይለኩ፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ የቺንጋውን ውጥረት ይዩት።