ጀበናው ምን አጠፋ? ስለ ሸክላና ጨረራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ጅማ፣ ጎረቤቴ ቤት ቡና ልጠጣ ስገባ ጀበናዋ ጓዳ ጥግ በጨርቅ ተሸፍኖ ቡናው በብረት ማንቆርቆሪያ ሲፈላ አገኘሁ። «ሸክላ ጨረራ አለው ሲሉ ሰማሁ። ለልጆቼ መርዝ ላፍላላቸው እንዴ?» አለችኝ። የሰማችው እውነት ነው፤ የደረሰችበት መደምደሚያ ግን ስህተት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «አለ» የሚለውን «ይጎዳል» ብሎ መስማት ነው። ሸክላ አፈር ነው፤ አፈር ውስጥ ደግሞ ምድር ከተፈጠረች ጀምሮ ጨረራ የሚያመነጩት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም-40 አሉ። በዓለም አማካይ በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ ያለው ፖታሲየም-40 ወደ 400 ቤከሬል ይጠጋል፤ በየሰከንዱ 400 አቶሞች ይፈርሳሉ ማለት ነው። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥስ? ከምግብ በሚገባው ፖታሲየም የተነሣ 4,000 ያህል። ቤከሬል የሚፈርሱትን አቶሞች ብቻ ይቆጥራል፤ በሰው ላይ የሚያርፈው መጠን የሚለካው በሲቨርት ነው።

እሳት ጨረራውን ያጠፋዋል ብሎ መጽናናትም ልክ አይደለም። ሄርማታ መርካቶ ላይ ገዢዋ ጀበናውን በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ታዳምጣለች፤ በደንብ የተተኮሰው ጥርት ብሎ ይጮኻል። እሳቱ ጭቃውን አጠንክሮታል፣ ውኃውንም አውጥቶታል። የአቶሙን እምብርት ግን አልነካውም። ምጣድ በጎመን ዘር ማሟሸትም እንዲሁ ጨረራውን አያጠፋም።

ከሁሉ አብልጬ የምጨነቀው አፈር ስለሚበሉ ነፍሰ ጡር እናቶች ነው። አምሮት ሲይዛቸው ከግድግዳ ቆርሰው ወይም የሸክላ አፈር ገዝተው ይበላሉ፤ ይህን እንደ ነውር ቆጥሮ መሳቅ እናትየዋን እንድትደብቀው ብቻ ያደርጋታል። ጀበና ከሰውነት ውጭ ይቀመጣል፣ የተበላ አፈር ግን ሆድ ይገባል፤ ስለዚህ ከጀበናው ጋር አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። እዚህም ቢሆን ጨረራው ዋናው ጉዳይ አይደለም። አፈሩ ለፅንሱ አእምሮ ጠንቅ የሆነውን እርሳስ የተባለ ብረት፣ የወስፋት እንቁላልም ሊይዝ ይችላል፤ ከምግብ የሚገኘውን የብረት ማዕድን ሰውነት እንዳይወስድም ያደናቅፋል። አምሮቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ጋር አብሮ ይታያል። እባካችሁ፣ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሳታፍሩ ንገሯቸውና ደማችሁን ይመርምሩ።

አራተኛው ስህተት የሸክላ ዕቃ እየፈሩ ቤት ዘግቶ መዋል ነው። ከዩራኒየም ዝርያ የሚወለደው ራዶን ጨረራ የሚያመነጭ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው፤ ከመሬት በወለል ስንጥቅ ገብቶ አየር በማይወጣበት ክፍል ይጠራቀማል፣ ለሳንባ ካንሰርም ያጋልጣል፤ ሲጋራ ሲጨመርበት አደጋው ይበረታል። የዓለም ሰው በአማካይ በዓመት ከተፈጥሮ ከሚደርሰው 2.4 ሚሊሲቨርት ጨረራ ግማሽ ያህሉ ከራዶን የሚመጣ ነው። የጅማ ዝናብ ሲበረታ መስኮት መክፈት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ቢሆንም ዝናቡ ባባራ ቁጥር ይከፈት፤ የወለሉም ስንጥቅ ይደፈን።

የመጨረሻው «ኃይል ይሰጣል» የተባለ ድንጋይ መሰል ጌጥ አንገት ላይ ማሰር ነው። አንዳንዶቹ ውስጥ ሆን ተብሎ ሬዲዮአክቲቭ፣ ማለትም ጨረራ የሚያመነጭ ማዕድን ይጨመራል። በታኅሣሥ 2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የኔዘርላንድስ የጨረራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አሥር እንዲህ ያሉ ምርቶችን ዘርዝሮ ሰዎች እንዳይለብሷቸው አስጠንቅቋል። ጀበናው ቤት ጥግ ነው የሚቀመጠው፤ ጌጡ ግን ቀንና ሌሊት ቆዳ ላይ ይውላል ያድራል። ከእነዚህ ዓይነቶች ያለው ሰው አውልቆ ከሕፃናት ያርቀው።