የድሮ የእንግሊዝ ፖሊስ መኪና እንዴት ይታደሳል? ታሪኩስ እንዴት ይጠበቃል?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ለለንደን ነዋሪ የፖሊስ መኪና ሲባል ቶሎ የሚታየው ጥቁሩ ዎልስሊ 6/80 ነበር። ከ1948 እስከ 1954 የተመረተው ይህ መኪና (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 2,215 ሲሲ የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ሲኖረው፣ ለፖሊስ ሥራ ሲመደብ ከፊት ለፊቱ ደወል ይገጠምለት ነበር። ማታ ደግሞ በራዲያተሩ ፍርግርግ ላይ ያለው የፋብሪካው አርማ ከውስጥ ስለሚበራ ከሩቅ ይለያል። ዋና ምሳሌዬ ይኸው መኪና ነው፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን ለፎርድ አንግሊያም ሆነ ለሮቨር ያው ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። የፖሊስ መኪናን ከተራው ዎልስሊ የሚለየው ሞተሩ ወይም ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ሥራው የተወበት ምልክት ነው፤ ሬዲዮ የታሰረበት የብሎን ቀዳዳ፣ ለደወሉ የተዘረጋ ተጨማሪ ሽቦ፣ ሲገቡና ሲወጡ ያለቀ የወንበር ጠርዝ። እነዚህን ደፍኖና አስውቦ የወጣ መኪና ያማረ ዎልስሊ ሊሆን ይችላል፤ የፖሊስ መኪናነቱ ግን አብሮ ተደፍኗል።

መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት

መኪናው ጋራዥ ከገባ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምንም ሳይፈቱ ይመልከቱት። በቀን ብርሃን ከውጭ፣ ከውስጥ፣ ከሥርና ከኮፈኑ በታች ፎቶ ያንሱ፤ መጠኑ እንዲታወቅ ከእያንዳንዱ ምልክት አጠገብ ማስመሪያ ያስቀምጡ። ከዚያም በባትሪ እየታገዙ ዳሽቦርዱን ከሥሩ ይመርምሩ። ፋብሪካ የበሳው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ንጹሕ ሲሆን ቀለምም ወደ ውስጥ ገብቶበታል፤ በፖሊስ ጋራዥ በእጅ መሰርሰሪያ የተበሳው ግን ጠርዙ ሻካራ ነው፣ ከቀለሙም በኋላ ስለመጣ በዙሪያው ባዶ ብረት ወይም ዝገት ይታያል። አራት ቀዳዳዎች አራት ማዕዘን ሠርተው ካገኙ አንድ ዕቃ እዚያ ታስሮ ነበር ማለት ነው፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለክተው ይመዝግቡ፣ ኋላ ትክክለኛውን መሣሪያ ሲፈልጉ የሚመራዎት ይህ ልኬት ነው። ጣሪያው ላይ ሽቦ ያለፈበት ቀዳዳ፣ ፓራውልቱ ላይ የደወል ማሰሪያ፣ ወለሉ ላይ የከባድ ዕቃ መቀመጫ ይፈልጉ። የተቆረጠ ሽቦ ካገኙ አይንቀሉት፤ ወረቀት አስረውበት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ይጻፉበት።

ሰነዱን መፈለግ

ከዕቃው ጎን ለጎን ወረቀቱን ይከታተሉ። የመኪናውን ሊብሬና የሻንሲ ቁጥር ይዘው በዋሪክሻየር ጌይደን የሚገኘውን የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም ቢጠይቁ፣ ለዎልስሊ፣ ለሞሪስ፣ ለኦስቲንና ለሮቨር መኪኖች ከፋብሪካ መዛግብት የተወሰደ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ታርጋው ከመጀመሪያው ጀምሮ ያልተለወጠ ከሆነ ትልቅ ዕድል ነው፤ በድሮ የጋዜጣና የፖሊስ ፎቶዎች ላይ መኪናውን የሚለዩት በእሱ ነው። የየአውራጃው መዛግብት ቤቶችና የፖሊስ ሙዚየሞች የፎቶ ስብስብ አላቸው፤ የፖሊስ መኪና ወዳጆች ማኅበርም አለ። በእኔ አስተያየት የአንድ መኪና አገልግሎት በፎቶ ወይም በወረቀት ካልተረጋገጠ በሩ ላይ የአንድን ከተማ ፖሊስ ስም መጻፍ አይገባም።

ላሜራና ዝገት

ዝገትን በዓይን ብቻ አይመኑ። የበሩን ሥር፣ የጎማ ከለላዎቹን፣ ወለሉንና ባሊስትራው ሻንሲውን የሚይዝበትን ቦታ በትንሽ መዶሻ ይንኩ፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰው ግን ድምፁ ይታፈናል፣ ከሥሩ ብናኝ ይረግፋል። በስቱኮ ብቻ የተሸፈነ ቦታ ማግኔት አይዝም። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጠው በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ ያስበይዱ፤ አንቲራስት ሳይቀቡ ግን አንድም ቀን አያሳድሩት። ቀድሞ የለዩት የሥራ ቀዳዳ የሚቆረጠው ክፍል ላይ ካረፈ፣ በአዲሱ ላሜራ ላይ በተለካው ስፍራ መልሰው ይብሱት፤ የተቆረጠውንም አሮጌ ቁራጭ አይጣሉት።

ሞተሩ

ለዓመታት የቆመ ሞተርን በቁልፍ ለማስነሳት መቸኮል የፒስተኑን ቀለበት (ፋሻውን) እና ሲሊንደሩን ያበላሻል። ካንዴላዎቹን ፈትተው በየሲሊንደሩ ጥቂት ቀጭን ዘይት ያንጠብጡ፣ አንድ ሁለት ቀን ይተውት፣ ከዚያም በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩት። የሰርባቶዮውን አሮጌ ቤንዚን ያፍስሱ፤ የጎማ ቱቦዎቹንም ሁሉ ይለውጡ፤ ምክንያቱም ከመስከረም 2021 ጀምሮ በብሪታንያ የተለመደው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ስላለው በዚያ ዘመን የተሠሩትን የጎማ ቱቦዎች ይበላል። እስከ 5 በመቶ ብቻ ያለበትን ፕሪሚየም ቤንዚን መጠቀም ይሻላል።

የ6/80 ታዋቂ ሕመም የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ መቃጠል ነው። ስለዚህ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ከማውረድዎ በፊት የየሲሊንደሩን ግፊት ይለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ይለኩት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ ፋሻው ላይ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቩን ወይም ጋርኒሲዮኑን (ከክዳኑ ሥር ያለውን ማሸጊያ) ይጠርጥሩ። የቫልቭ መቀመጫውን ከመበላት ይጠብቅ የነበረው እርሳስ ያለበት ቤንዚን በብሪታንያ ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ ለጠቅላላው ሕዝብ መሸጥ ስለቆመ፣ ቴስታታው አንዴ ከወረደ ጠንካራ የቫልቭና የመቀመጫ ብረት ማስገባት ለወጪው የሚመጥን ሥራ ነው። ከውጭ የማይታይ እንዲህ ያለ ማሻሻያ የመኪናውን ታሪክ አይነካም።

ፍሬንና ኤሌክትሪክ

የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ታምቡሩን ሲከፍቱ ብናኙን በአየር ግፊት በፍጹም አይንፉ፤ ውኃ አርከፍክፈውበት፣ ለዚሁ የተሠራ ጭንብል አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ጨርቁንም በፕላስቲክ አሽገው እንደ አደገኛ ቆሻሻ ያስወግዱት። የፍሬን ሲሊንደሮችንና ቱቦዎችን ደግሞ ደህና ቢመስሉም ይለውጧቸው።

በኤሌክትሪኩ በኩል ብዙዎች የሚሳሳቱት ባትሪው ላይ ነው፤ በ6/80 ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው፣ ዛሬ ከለመድነው ተቃራኒ። በልማድ ኔጋቲቩን አካሉ ላይ ያሰረ ሰው የሚገጥመውን መሣሪያ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ከባትሪው አጠገብ ግልጽ ማስታወሻ መለጠፍ ያስፈልጋል።

ቀለሙ

ትክክለኛውን ቀለም ከመኪናው ከራሱ ይጠይቁ። ከኋላ ወንበር ሥር ወይም በበሩ ማጠፊያ አካባቢ የማይታይ ቦታ መርጠው በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትና በውኃ ክብ እየሠሩ በቀስታ ይሹት። መሃሉ ብረት እስኪደርስ ሲሳሳ፣ ዙሪያው ላይ እያንዳንዱ ቀለም በየራሱ ቀለበት ይወጣል፤ ከታች ግራጫው መሠረት፣ ከዚያ የፖሊሱ ጥቁር፣ ከላዩም መኪናው ከተሸጠ በኋላ ባለቤቶቹ የቀቡት። ቀለም ቤት የሚወስዱት ናሙና ከዚህ ይነሣል። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈግፍጉት።

«ፓንዳ» ለተባሉት ባለ ሁለት ቀለም የፖሊስ መኪኖች ይህ ምርመራ የበለጠ ያስፈልጋል። የላንካሻየር ፖሊስ በ1965 በከርክቢ ከተማ ሰማያዊና ነጭ የሆኑ ፎርድ አንግሊያዎችን ካሰማራ በኋላ ዘዴው ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል፤ ዛሬ ግን ከፖሊስ ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበረው አንግሊያ ነጭ በር ተቀብቶ ሊቀርብልዎት ይችላል። የበሩን ጠርዝና የማጠፊያውን ውስጥ ይዩ፤ እዚያ የተደበቀው ቀለም አይዋሽም።

ደወልና ሰማያዊ መብራት

የብሪታንያ ሕግ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው። የ1989 የተሽከርካሪ መብራት ደንብ የአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪ ላልሆነ መኪና ሰማያዊ የማስጠንቀቂያ መብራት መግጠምን፣ መብራቱ ባይሠራ እንኳ፣ ይከለክላል። የ1986ቱ የተሽከርካሪ አሠራርና አጠቃቀም ደንብ ደግሞ ደወል፣ ሳይረንና ባለ ሁለት ድምፅ ክላክስ እንዳይገጠም ያዛል። ስለዚህ ዕቃዎቹ በቀላሉ ተፈትተው የሚገጠሙ እንዲሆኑ አድርገው ያዘጋጁ፤ መንገድ ላይ ሲነዱ በኋላው ዕቃ መጫኛ በጨርቅ ተጠቅልለው ይቀመጡ፣ የሚገጠሙትም ትርኢቱ ግቢ ውስጥ ከቆሙ በኋላ ነው። «ፖሊስ» የሚለውን ጽሑፍም በጉዞ ላይ መሸፈን ተገቢ ነው፤ ፖሊስ መስሎ ሰውን ለማታለል መሞከር በ1996ቱ የፖሊስ ሕግ ወንጀል ነው።

ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈና ባለፉት 30 ዓመታት መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገበት መኪና በብሪታንያ ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ነው። ነፃ ቢሆንም ለመርማሪ ያሳዩት፤ ፍሬኑ እንደ ዛሬ መኪና ስለማይዝ የሌላ ሰው ዓይን ቢያየው ይጠቅማል።

ትዝታውን መመዝገብ

ብረቱ ሲያልቅ ሥራው አላለቀም። ግንቦት 8 ቀን 1987 የለንደን ፖሊስ ሮቨር ኤስዲ1 መኪና ለንቅለ ተከላ የሚፈለግ ጉበት ይዞ ከስታንስተድ አውሮፕላን ማረፊያ በኬንሲንግተን እስከሚገኘው ክሮምዌል ሆስፒታል ወደ 27 ማይል የሚሆነውን መንገድ በ30 ደቂቃ ገደማ ተጉዟል። ያ ጉዞ እስከ ዛሬ የሚታወሰው በካሜራ ስለተቀረጸ ነው። ካሜራ ሳይኖር በየሌሊቱ የተደረጉት አያሌ ጉዞዎች ግን በሹፌሮቹ ልብ ብቻ ቀርተዋል፤ የ6/80ዎቹ ሹፌሮች ደግሞ በሕይወት ያሉት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ የቀድሞ ፖሊስ ወይም ቤተሰቡን ካገኙ ጥያቄውን ቤት ውስጥ አይጀምሩ። መኪናው ዘንድ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ በዕድሜ የገፉ ከሆነ በሩን ከፍተው ደግፈው በለመዱት ወንበር ላይ ያስቀምጧቸው። የድምፅ መቅጃውን ዳሽቦርዱ ላይ አድርገው «ሬዲዮው የት ነበር? ደወሉን ማን ነበር የሚደውለው? በክረምት እንዴት ትሞቁ ነበር?» የመሳሰሉ በእጅ የሚዳሰሱ ጥያቄዎች ያንሱ፤ «ትዝታዎትን ይንገሩን» ከተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፣ እጁ የለመደው ማብሪያ ላይ ሲያርፍ ግን ራሱ ይናገራል። ሲያወሩ አያርሟቸው፤ ዓመተ ምሕረቱን ኋላ ከሰነዱ ጋር ያመሳክሩታል። የተቀዳውን ከፎቶዎቹ፣ ከቀዳዳዎቹ ልኬትና ከተቆረጠው ላሜራ ዝርዝር ጋር በአንድ መዝገብ አድርገው፣ አንዱን ቅጂ ከመኪናው ጋር ያኑሩ፣ ሌላውን ለአካባቢው መዛግብት ቤት ይስጡ፤ መኪናው ቢሸጥ ወይም ቢቃጠል እንኳ መዝገቡ ይተርፋል።