አላይመንት ተሠርቶም ጎማ ሲላጭ፦ ተሳቢ ለሚጎትት ፒካፕ

የጎማ ንፋስ፣ ባላንስና ታይሮድ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ) አስቀድማችሁ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ጎንደር ውስጥ ስሠራ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ፒካፑ ባዶውን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ተሳቢ ሲታሰርበት መሪው ይቀልላል፣ መኪናው ይዋልላል። ማታ ከፊት የሚመጡ ሹፌሮች መብራት እያበሩ ይቆጧችኋል። ቆይቶ የፊት ጎማዎቹ የውጭ ጠርዝ ይላጫል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አላይመንቱ፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫና ዘንበል፣ የተለካው ባዶ መኪና ላይ ነው። ጋንቾው (ተሳቢው የሚታሰርበት) ላይ ክብደት ሲያርፍ ኋላው ይቀመጣል፣ ፊቱ ይነሳል። የጎማው አናት ወደ ውጭ ያዘነብላል። ማሽኑ ላይ ያያችሁት ልክ መንገድ ላይ የለም።

ወደ ደባርቅ ሲሚንቶ የሚያመላልስ አንድ ደንበኛዬ ሦስት ጊዜ አላይመንት አሠርቶ ነበር። «ሠሪዎቹ በሉኝ» እያለ መጣ። ሜትር ይዤ ከመሬት እስከ ፓራፋንጎው (የጎማው መከለያ) ለካሁ። ተሳቢው ሲታሰር ኋላው 9 ሳንቲ ወረደ፣ ፊቱ 3 ሳንቲ ተነሳ። ሲሚንቶው በሙሉ ተሳቢው አፍንጫ ላይ ተቆልሏል። ባሌስትራው (ኋላውን የሚሸከመው የብረት ሞላ) ደክሟል፤ ከሥሩ የጎማ ቁራጭ ወሽቀውበታል! ይሄ ሥራ አይደለም፤ ሰው ይገድላል።

መጀመሪያ ጭነቱን አስተካከልን። ጋንቾው ላይ ማረፍ ያለበት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። 1,000 ኪሎ ከሆነ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ማለት ነው። ግን ጭነቱን ወደ ኋላ አታብዙት። ጋንቾው ከቀለለ ተሳቢው መወዛወዝ ይጀምራል፤ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ይሄ ከመጣ መኪናውን ይዞ ይገለበጣል። ቀጥሎ ባሌስትራውንና ያለቁትን ቡሾች (መገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉትን ጎማዎች) ቀየርን። አላይመንቱ የመጨረሻው ነው። ተሳቢው ማሽን ላይ ስለማይወጣ፣ ጋንቾው የሚሸከመውን ያህል አሸዋ በማዳበሪያ አድርገን ፒካፑ ጭራ ላይ ጫንን። ከዚያ ተለካ።

ቶርሽን ባር (ፊቱን እንደ ሞላ የሚሸከም የብረት ዘንግ) ያለው መኪና ከሆነ እሱን አላልታችሁ ፊቱን ዝቅ አታድርጉ። ተሳቢው ሲፈታ ደግሞ የውስጥ ጠርዙ መላጨት ይጀምራል።

አንድ ጎማ ብቻ ከውስጥ ከተላጨ፣ የተጣመመ አርም (ጎማውን የሚይዘው ክንድ) ወይም ያለቀ ባልጆይንት (የክንዱ ጫፍ መገጣጠሚያ) ፈልጉ። የተሳቢው ጎማ ራሱ በአንድ ጎን ከተላጨ አክሱሉ ታጥፎ ሊሆን ይችላል፤ የፒካፑን አላይመንት አትነካኩ።

ያ ደንበኛዬ አሁንም ሲሚንቶ ይጭናል። አራተኛ ጊዜ አላይመንት አላሠራም።